የትሩምፍ ጎጆ ባለቤት

እኔ ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ የምሄደው ጉኒላ የምትባል አንዲት ግትር አሮጊት ስለነበረች ነው። አባቴ ሞንስ ይህን ቢሰማ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። ይደብድብ! እውነቱ ይኸው ነው።

እዚህ ስዊድን፣ ስሞላንድ ውስጥ ስድስት ገበሬዎች ሆነን ለንጉሡ አንድ ወታደር እናቆማለን። ጎጆ እንሠራለታለን፣ ገብስና ጎመን የሚያበቅልበት ቁራሽ መሬት እንሰጠዋለን፤ እሱ ደግሞ ጦርነት ሲመጣ በእኛ ፈንታ ይሞታል። ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም፣ የጎጆው ነው። የእኛ ወታደር ትሩምፍ ይባላል። አንዱ ትሩምፍ ሲሞት የሚተካው ሰው፣ እናቱ ምንም ስም ታውጣለት፣ ትሩምፍ ተብሎ ይገባል። የሟቹ ሚስት ወይ አዲሱን ትሩምፍ ታገባለች፣ ወይ ጨርቋን ጠቅልላ ትወጣለች።

ጉኒላ ሦስት ትሩምፍ አግብታለች። የመጀመሪያው ባለ ረጅም ጦር ነበር። ጦሩ ከቤቱ ስለሚረዝም ደጅ አጋድማ ልብስ ታሰጣበት ነበር። ያኔ ጠመንጃ የያዙት እስኪያጎርሱ ድረስ ጦረኞቹ ከፊት ቆመው ፈረሰኛ ይመክቱላቸዋል። እሱን ግን ኖርዌይ ተራራ ላይ የገደለው ፈረሰኛ ሳይሆን ብርድ ነበር፤ ጦር ደግሞ ለብርድ አይሆንም። ሁለተኛው ሲገባ ጦሩ ቀርቶ ጠመንጃው ጫፍ ላይ ሳንጃ ተሰክቶ ነበር። አንዱ ሰው ተኳሽም ጦረኛም ሆነ። ጉኒላ ሳንጃውን አይታ «እንግዲህ ለሁለት ሰው ሞት አንድ ባል ሊበቃቸው ነው» አለች ይባላል። ባሩዱን ወደ ውስጥ የሚጠቀጥቅበት የእንጨት ዘንግ ፊንላንድ ውስጥ በውጊያ መሀል አፈሙዙ ውስጥ ተሰበረበት፤ እሱንም እዚያው ቀበሩት። ለሦስተኛው የብረት ዘንግ ሰጡትና «ፍጠን! በደቂቃ ሦስት ጊዜ ተኩስ!» አሉት። እሱ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን አገር ፖሜራኒያ በገባ በወሩ አንድ ጥይት ሳይተኩስ በተቅማጥ ሞተ። ዘንጉ ብረት ቢሆን ሆዱ ብረት አልሆነ።

ወታደሮቻችን እሁድ ከስብከት በኋላ ቤተክርስቲያኑ ሜዳ ላይ አብረው ይለማመዳሉ። በሌላው ቀን ትሩምፍ ግቢው ውስጥ ብቻውን ነው፤ ትእዛዝ የምትጠራለት ሚስቱ ናት። ጉኒላ አርባ ዓመት ሙሉ ስትጠራ ኖራ ከሃምሳ አለቃው የተሻለ ድምፅ አውጥታ ነበር። «አጉርስ!» ስትል የኛ ግቢ ውሻ ይቀመጣል።

የሦስተኛው መርዶ በመጣ በሳምንቱ አባቴ ወደ ጎጆዋ ሄደ፤ የስድስቱ ገበሬዎች አለቃ እሱ ነበር። እኔም ተከትየው ነበር፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

«ጉኒላ፣ እግዜር ያጽናሽ። አዲሱ ሰው ሊገባ ነው» አላት።

«ይግባ። አልጋው ሰፊ ነው» አለችው።

«ስልሳ ዓመት አልፎሻል፣ አንቺ ሴትዮ! ማን ያገባሻል?»

«ማን አግባኝ አለ? እኔ ከቤቴ አልወጣም ነው ያልኩህ።»

«ቤቱ የወታደሩ ነው። ዛሬ አንቺን ብተው ነገ ያገሩ ባልቴት ሁሉ አልወጣም ይላል።»

«ይበል! ደግ ያደርጋል!»

አባቴ እስከ ፍተሻው ቀን ጊዜ ሰጥቷት ወጣ። ፍተሻ ማለት መኮንኑ መጥቶ የየመንደሩን ወታደር የሚያይበት ቀን ነው። የሚበቃውን ይመዘግባል፤ የማይበቃውን ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ገበሬዎቹ እዚያው ሌላ ሰው ማቅረብ አለባቸው። ከስድስታችን ቤት ደግሞ ጤነኛ ጎረምሳ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ከገበያ መርጦ ያመጣው አዲሱ ትሩምፍ ሶኔ ይባላል። ትከሻው የበሬ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ባሩድና ጥይት የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርስ ስለሚቀድዱት አባቴ አፉን እንደ ፈረስ ከፍቶ አይቶለታል። እጁን ማየት ግን ረሳ። ሶኔ ጎጆው በገባ ማግስት ጉኒላ ቤታችን መጣች፤ ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች።

«ሞንስ፣ ሰውዬህ ግራኝ ነው።»

«ምን?»

«በግራው ነው የሚበላው፣ በግራው ነው የሚፈልጠው። ጠመንጃም በግራ ትከሻው ነው የሚያነሳው። ትከሻ ለትከሻ በሚቆሙበት ሰልፍ ውስጥ አንድ ግራኝ ገባ ማለት ከጠመንጃው ጎን በሚወጣው እሳት የጎረቤቱ ጆሮ ተቃጠለ ማለት ነው። መኮንኑ ዓይኑ እንዳረፈበት ይመልሰዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አርቪድ፣ አንተ ትሩምፍ የሚለው ስም ያምርብሃል?»

እናቴ ጭልፋዋን ጣለች። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ።

«ምንድነው የምትፈልጊው?» አላት።

«እዚያው ቤቴ መሞት። ልጁን እኔ አቀናልሃለሁ።»

አባቴ እጇን ጨብጦ እሺ አለ። በእኛ አገር ደግሞ የተጨበጠ እጅ እንደ ፊርማ ነው።

ሶኔን ስድስት ሳምንት አሰቃየችው። ግራ እጁን ከቀበቶው ጋር አስራ ገንፎውን በቀኝ አስበላችው፣ እንጨቱን በቀኝ አስፈለጠችው። «እማማ፣ ማንኪያው ጆሮዬ ውስጥ ሊገባ ነው!» ሲላት «ግድ የለም፣ ጆሮህም ሥራ ይያዝ» ትለዋለች። በመጨረሻ ሶኔ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ያጎርስ ጀመር። እሷንም ወደዳት። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ገንፎ የምትሠራልኝ እናት አገኘሁ» ይል ነበር።

የፍተሻው ዕለት ሁለቱ ማልደው ወደ ሜዳው ሄዱ። አባቴ እኔንና ሎሌያችንን ጠራንና «አልጋዋንና ሳጥኗን አውጥታችሁ መንገድ ዳር አድርጉት። ልጁ እንደሆነ ቀንቷል» አለን። አወጣነው። እኔ እላችኋለሁ፣ ያን አልጋ በዚህ እጄ ነው የተሸከምኩት። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ሜዳው ደርሼ ከሴቶቹ መሀል አገኘኋት። ብነግራት ምን ሊመጣብኝ እንደሚችል አላጣሁትም። ግን ዝም ብል ኖሮ እሷ ባተረፈችልኝ አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

«እማማ ጉኒላ፣ አልጋሽን አውጥተነዋል» አልኳት።

አላለቀሰችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ሶኔና ጓደኞቹ ተሰልፈው ሃምሳ አለቃው «አንሣ!» ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«ትሩምፍ! በግራህ!»

ሶኔ ለምን አላላትም። ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው አዞረ፤ ከጎኑ ያለው ሰው ሰደፉ አገጩን ሲመታው ጮኸ፤ ሰልፉ እንደ ተነካ አጥር ተንጋደደ።

መኮንኑ ፈረሱን አስጠግቶ መጣ። «ይሄ ግራኝ ነው! የማን ሰው ነው?»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ሊጥል ነው።

«አይበቃም፣ ሌላ አምጣ» አለው መኮንኑ። ዓይኑ ሜዳውን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። «ያ ረጅሙ የማን ልጅ ነው?»

«ጌታዬ... ጉኒላ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «አልጋሽ ይመለሳል! በይ ልጁን በቀኝህ በይው!»

«ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ንገር» አለች። «ጸሐፊያቸውም ይጻፈው። ቃልህን አንዴ በእጅህ ሰጥተኸኝ አይቼዋለሁ።»

አባቴ ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ፤ ጎጆው እሷ እስክትሞት ቤቷ ነው አለ። ጸሐፊው ጻፈ፤ አባቴ ፈረመ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች።

«ትሩምፍ! በቀኝህ! አጉርስ!»

ሶኔ ወረቀቱን በጥርሱ ቀደደ፣ በብረቱ ዘንግ ጠቀጠቀ፣ ተኮሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የጎኑ ሰው ሁለተኛውን ሳይጨርስ።

መኮንኑ እየሳቀ «እናቱ ነሽ?» አላት።

«አይደለሁም፣ ጌታዬ። ባሎቼን ባለ ጦሩን ወሰዳችሁ፣ ባለ ሳንጃውን ወሰዳችሁ፣ ባለ ብረት ዘንጉን ወሰዳችሁ፤ አንዱንም አልመለሳችሁልኝም። ይሄኛውን በውሰት ነው የምሰጣችሁ። እኔ እዚያው ቤቴ ነኝ፣ የትም አልሄድም፤ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይምጣልኝ።»

መኮንኑ ሳቁን ተወ። ጸሐፊውን ዞር ብሎ አየውና «ትሩምፍ፣ ይበቃል» ብሎ አስጽፎ ቀጥሎ ያለውን ስም አስጠራ።