የለም የተባለው የልብ ሕመም

ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በዓመቱ መተማ ካለው የጦሩ ሐኪም ቤት ገባሁ። ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ገዳሪፍ ተምሬ ነበር፤ ጣሊያንኛም ለመግባባት ያህል ለምጃለሁ። ጣሊያኑ ዶክተር በመጀመሪያው ቀን ፋሻና አዮዲን አላስረከበኝም። ወፍራም መዝገብ ሰጠኝና ደጅ የተሰለፉትን ሰዎች አንድ በአንድ እንዳስገባ አዘዘኝ።

ማዕረጉ ሻምበል፣ ሙያው የልብ ሐኪም ነበር። ልብን ራሷን የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች እየጠበቡ ሰው የሚገድሉበትን በሽታ ያጠናል። አባቱ በዚያ በሽታ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። ያገሩን ሰው እንዲህ የሚጨርስ በሽታ የቆላውን ሰው ለምን ይምረዋል የሚል ነበር ጥያቄው። እንደሚምረው ግን አንድም ሰው ሳይመረምር ወስኖ ነው የመጣው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰውየውን አልጋ ላይ አስተኛለሁ፤ ሁለት እጁንና ግራ እግሩን በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠምጥሜ ሽቦ አስርበታለሁ። በባትሪ የምትሠራ ሣጥን የልቡን ምት ወረቀት ላይ ትስላለች። የሰሊጥ ገበሬው፣ ተሸካሚው፣ ለመንገድ ሥራ በግድ የተያዘው ሁሉ ተራ በተራ ይተኛል። ዕድሜውን፣ ምግቡን፣ ሕመሙን እየጠየቅሁ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎቹ «ልቤን ያመኛል» ሲሉ ዶክተሩ ግራ ገባው። የእኛ ሰው ጨጓራውንም ልቡንም «ልቤ» ይላል ብዬ አስረዳሁት። እሱ ግማሹን ብቻ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልቤን» ያለ ሁሉ የሆድ በሽተኛ ተብሎ ተመዘገበ።

ዶክተሩ ከመዝገቡ ያወጣው ጽሑፍ ወዳገሩ ሄዶ በሐኪሞች ጉባኤ ተነበበ። የምስጋና ደብዳቤ መጣለትና ደስ ብሎት አነበበልን። ጽሑፉ የቆላን ሰው ይህ በሽታ አይዘውም ይላል። ወር ሳይሞላ የመንገድ ሥራው አዛዥ፣ ልቤን ወይም ደረቴን አመመኝ የሚል የአገር ተወላጅ ከሥራ እንዳይቀር ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙን ለሠራተኛው በአማርኛ ያነበብሁት እኔ ነኝ።

አያ ካሴ ከገለጉ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ሃምሳን ሳያልፉ አይቀሩም። በግድ ተይዘው ድንጋይ ይፈልጣሉ። አንድ ቀን መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ገቡ።

«ልቤን ጨምቆ ይይዘኛል፤ ግራ ክንዴ ይዝላል። መዶሻውን ሳስቀምጥ ይለቀኛል፣ ሳነሳ ይመለሳል» አሉኝ።

አንድ ቃል ሳልጥል ተረጎምሁ። ዶክተሩ «ልቤን» ብለው እንደሆነ ጠየቀኝ። ብለዋል፣ ግን ይሄ ጨጓራ አይደለም አልሁት። ያስተማርኸኝ አንተው ነህ ብሎ ሳቀ፤ ለጨጓራ የሚሰጠውን ሶዳ በጥብጬ እንድሰጣቸው አዘዘ። ሽቦውን ልሰርላቸው ስለው፣ ምርመራው አልቋል አለኝ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስት ጊዜ ሶዳ ጠጡ። የጠባቂዎቹ አለቃ ስማቸው አጠገብ «ሰነፍ» ብሎ ጻፈ። በአራተኛው በቃሬዛ መጡ። መዶሻው ላይ ተደፍተው ነው የሞቱት።

ዶክተሩ ሬሳውን ከፈተው። ሳህኑን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የልባቸውን ቧንቧ በትንሽ መቀስ ሲቆርጣት እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ አለች፤ ውስጧ ተደፍኗል። ሁለታችንም አየነው። መቀሱን አስቀመጠ። አባቱ ትዝ ብለውት ይሆናል ብዬ ነበር። እጁን ታጠበና «ወባ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

«ያየነውስ?» አልሁት።

«አንድ ሰው ነው። ለአንድ ሰው ሲባል ጽሑፉ አይፈርስም።»

ወባ ብዬ ጻፍሁ። በገዛ እጄ። እሱን የረገምሁትን ያህል ራሴንም ረግሜያለሁ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ መርዶውን ሰምተው ከገለጉ በእግራቸው መጡ። ምን ገደለው ብለው ጠየቁኝ። የገደላቸው ልባቸው መሆኑን፣ ሦስት ጊዜ መናገራቸውን፣ የጻፍሁትንም ሳይቀር ነገርኋቸው።

«ሰነፍ ነበር እያሉ ነው የሚያወሩበት» አሉኝ። «ይችን የነገርኸኝን ድንጋይ ከሚፈልጡት ፊት ትናገርልኛለህ?»

ሄጄ ተናገርሁ፤ ጠባቂዎቹ ቆመው ይሰማሉ። በማግሥቱ ከሐኪም ቤት ተባርሬ በቅሎ ቤት ተጣልሁ። እንግሊዝ ከጋላባት በኩል እስኪገባ ድረስ የበቅሎ ቁስል ሳጥብ ኖርሁ። ዶክተሩ ሲሸሽ በሽተኞቹን ካልጋ ላይ ትቶ መዝገቦቹን በቆርቆሮ ሣጥን ጭኖ ሄደ።

ጣሊያን ወጣ፤ ጽሑፉ ግን አልወጣም። ከዓመታት በኋላ ሳንጃ ዋና ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ ስሠራ፣ ለጉብኝት የመጣ ወጣት የውጭ አገር ሐኪም ደረታቸውን የያዛቸውን አንድ ቄስ ሶዳ ሰጥቶ ሲያሰናብት ደረስሁ። ይህ በሽታ በናንተ አገር የለም፣ ተጠንቷል አለኝ። መጽሐፉን ገልጦ አሳየኝ። የዶክተሩ ስም ከገጹ ግርጌ ተጽፏል፤ እኔ ሽቦ ያሰርሁባቸው ሰዎችም ተቆጥረዋል። አያ ካሴ የሉበትም።

መዝገቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ውሸት አለበት አልሁት። ማስረጃ አለህ ወይ አለኝ። አልነበረኝም። ቄሱን ግን ከደጅ መልሼ አስተኛኋቸው።

ለናንተ ለአዲሶቹ ድሬሰሮች የምለው ይህን ነው። ያያችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። አለቃችሁ ሌላ ጻፉ ካላችሁ ብዕሩን ስጡትና ራሱ ይጻፈው።