አባቴ ውሸታም የተባለበት ቀን

ያን ሰው ዛሬም አልማርኩትም። ይህን የምጽፈው ነፍሴ ትረፍ ብዬ አይደለም፤ ቂሜ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር ነው።

መንደራችን ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ሐኪም ያለው ጎንደር፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ ማኪና የሚገኘው ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ነው። እስከዚያ በሽተኛ የሚያደርሰው የማኅበር ሰው ትከሻ ነበር። በየወሩ ጽዋ አብረው የሚጠጡ አባወራዎች ስምንት ሆነው፣ አራት አራት እየተፈራረቁ ቃሬዛ ይሸከማሉ። ማኅበር የሌለው ሰው ሲታመም ቤቱ ተኝቶ ይሞታል።

በዚያ ዓመት የአንዲት ባልቴት በቅሎ ተሰረቀችና አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው እስኪታወቅ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ መዋል ነበረበት። በሁለተኛው ቀን አባቴ ተነሳና፣ በቅሎዋን ሲነዳ ያየሁት የሙሴው ወንድም ነው አለ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ሌላ ያየ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሌባው በነጻ ሄደ። እኛ ግን እሳት እንኳ የሚያጭረን ጎረቤት አጣን፣ አባቴንም ከጽዋው ማኅበር አስወጡት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴን ምጥ ያዛት። ተሸፋፍና የመጣችው አዋላጅ ልጁ በአግድም ነው፣ ሐኪም ካላየው ሁለቱም ይሞታሉ ብላ፣ ማንም ሳያያት ሄደች። በማግስቱ ማለዳ አባቴ ጉብታው ላይ ወጥቶ የሰው ያለህ እያለ ተጣራ። ሰዉ ከየደጁ ወጣ፣ ሰማ፣ ተመልሶ ገባ። ከእነሱ መሐል ባለፈው ዓመት አባቴ ሚስቱን የተሸከመለት ሰው ነበረበት።

አባቴ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሙሴው ደጅ ወደቀ። እኔም እያለቀስኩ ተከትየዋለሁ።

ሙሴው፣ "ድንጋዩን ከማውረድህ በፊት፣ በወንድምህ ላይ የተናገርሁት ሐሰት ነው በል። ሰውም ይስማህ" አለው።

የሚሰማው ሰው እስኪሰበሰብ ግማሽ ቀን አለፈ። አባቴ እስከዚያ ድንጋዩን አላወረደም። በመጨረሻ የተባለውን አለ። ሦስት ጊዜ አስባለው።

ወዲያው ስምንት ሰው ተገኘ። ደግሞ እንዴት ያለ ሸጋ አሸካከም ነበር፤ ዳገቱን ሳያንገጫግጩ፣ እናቴን አይዞሽ እያሉ። እናቴ ጎንደር ደርሳ ተረፈች። ወንድሜ ግን ሞቶ ወጣ። ሐኪሙ፣ ግማሽ ቀን ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ በተረፈ ነበር አለ። አባቴ ከዚያ ወዲህ በአገሩ ሸንጎ ቃሉ የማይቆጠር ሰው ሆኖ ኖሮ፣ እንደዚያው ሞተ።

እኔ ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጬ ተማርኩ፤ ድሬሰርም ሆንኩና አምባ ጊዮርጊስ ክሊኒክ ተመደብኩ። ሌላ ቦታ ልላክሽ ብባልም አሻፈረኝ አልኩ። ቃሬዛ በመጣ ቁጥር ሮጬ ወጥቼ የተኛውን ፊቱን እገልጥ ነበር። በስድስተኛው ዓመት ሙሴው መጣ። የሳንባ ምች ይዞት ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። መድኃኒቱን በመርፌ ቀዳሁና በእጄ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። አንቱታዬን አላጎደልኩበትም።

"አያ፣ በቅሎዋን የሰረቀው ማን ነበር? ተሸክመው ያመጡዎት ሰዎች ይስሙ" አልኩት።

ዓይኑ ከመርፌው አልተነቀለም። "ወንድሜ ነው። አባትሽ እውነቱን ነው የተናገረው" አለ።

ወደ ስምንቱ ዞርኩ። ይደነግጣሉ፣ በእሱ ያፍራሉ ብዬ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ያችን ደቂቃ ለማየት ነው። ከእነሱ አንዱ፣ እናቴን ከተሸከሙት መሐል የነበረ፣ አሁን ጠጉሩ የሸበተ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ።

"ምነው ልጄ፣ ለዚህ ብለሽ ነው በሽተኛውን የምታቆዪው? ይኸንማ ያኔም ሁላችን እናውቅ ነበር።"

መርፌውን ወጋሁት፤ ዳነም። ሰዎቹ እስኪሻለው ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር።