ቺምሎንግ የሞተበት ቀን

ጓት ሊም ታይፔ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ወንድሟ ቺምሎንግ፣ ያኔ ታይዋን በጃፓን እጅ እያለች፣ ለጃፓን ሊዋጋ ተወስዶ ፊሊፒንስ፣ ሉዞን ደሴት ላይ ቀረ። ሬሳም የለ፣ ቀንም የለ። በአገሩ ልማድ ለሙት በየዓመቱ በሞተበት ቀን ምግብ ይቀርብለታል፤ ቀኑ ያልታወቀ ግን አይቀርብለትም። እናትየው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ "ልጄ እዚያም እየተራበ ነው" ትላለች። አሁን አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ተስፋ ቆርጧል።

ጓት ወንድሟ የሞተበትን ቀን እንዲነግሯት ለጃፓን ኤምባሲ ከጻፈች ሁለት ዓመቷ። መልሱ መጣ የተባለው፣ ጃፓን ከታይዋን ባላንጣ ከቤጂንግ ጋር ታርቃ ታይዋንን በካደች ማግስት ነው። ኤምባሲው ሊዘጋ ነው። በሩ ላይ ሰው እንቁላል ይወረውራል። ከዛፉ ሥር ደግሞ ማንም የማያናግራቸው ሰዎች ቆመው የገባ የወጣውን ይመዘግባሉ።

"አንቺ ጓት!" አለ ማዶ የተቀመጠው፣ ሰው ሁሉ "አጎቴ ኮን" የሚለው ጫማ ጠጋኝ። "በዚህ ዕድሜሽ ጃፓናዊ ልታገቢ ነው?"

"አዎ፣ ሚዜው አንተ ነህ።"

ሳቁን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተመለሽ ልጄ። ባለፈው የገባው አስተማሪ እስካሁን ቤቱ አልገባም።"

ገባች። ጸሐፊው ሣጥን እያሸገ ነበር። ወረቀቱን ሰጥቶ ጎንበስ አለላት። ወንድሟ የሞተበትን ቀን በቃሏ እስክትይዘው ደጋግማ አነበበችው።

ስትወጣ ከዛፉ ሥር ከቆሙት አንዱ፣ ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ ወረቀቱን ከእጇ ነጠቃት። ስሟን አየና ጮክ ብሎ ጠራው።

"ጓት ሊም!"

ተረከዟ በራሱ ገጠመ፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተለጠፉ። "ሃይ!" አለች። በልጅነቷ በጃፓን ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ እንዲህ ነበር አቤት የሚባለው። እንቁላል የያዙት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

ሰውየው ፈገግ አለ። "ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ ማለት ነው። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ነይ። ቅያሪ ልብስ ያዢ።" ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

ጓት እናቷ ቤት ሄዳ ቀኑን ነገረቻት። እናትየው በጣቷ እያሰላች በጨረቃ ወደሚሄደው ወደ ድሮው አቆጣጠር መለሰችው፤ የአዲስ ዓመት ማግስት ሆነ።

"ያገቡ ሴቶች እናታቸው ቤት የሚመጡበት ቀን!" አለች እየሳቀች። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ስቃ አታውቅም። "በይ፣ እኔ ብሞትም ልጄ አይራብም። አንቺ በዚያ ቀን ቀርተሽ አታውቂም።"

"አልቀርም እማዬ።"

ጓት እርሳስ ፈለገች። እሷ ከጣቢያ ባትመለስ እንኳ ማንም የገባ እንዲያየው፣ ቀኑንና የወንድሟን ስም ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው።