የተወጠረ ደጋን

ሰሞኑን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አንዲት ልጅ የበገናዋን ጅማት ስትወጥር ሲጥ ሲል ሰማሁት። ያ ድምፅ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ሃላሌ፣ አያቴ ቤት መለሰኝ።

ደርግ በወደቀ ማግሥት ጠመንጃ ሲለቀም፣ የአያቴ የአደን ደጋን ፈላጊው በዛ። ከገሱባ ከተማ ድረስ መጥተው በሬ እንስጥዎት ያሏቸው ነበሩ። እሳቸው አልሰጡም። ለአደን ካልወጡ በቀር ጅማቱን ፈትተው ነበር የሚያኖሩት።

አንድ ጠዋት ግን ደጋኑን ተወጥሮ አገኘነው። ጅማቱ እንዲለሰልስ ገና የተቀባው ቅቤ ይሸታል። ታላቅ ወንድሜ በመሬት ድንበር ከጎረቤታችን ጋር የተጣላ ሰሞን ነበር።

«ዛሬ አደን አለ እንዴ?» አሉት አያቴ።

«የለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ወንድሜ ዓይኑን ከጎረቤታችን አጥር አልነቀለም። አያቴ ደጋኑን በጉልበታቸው አጉብጠው ፈቱት፤ ጅማቱንም ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«የተወጠረ ነገር ቤት ውስጥ አያድርም» አሉ።

ወንድሜ ባዶ እጁን ወጣ። ውሻችን እንኳ አልተከተለውም።

ባለበገናዋን ልጅ ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ ስትጨርሺ ጅማቱን ታላዪዋለሽ አይደል?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «እማማ፣ በገና እኮ ተወጥሮ ነው የሚያድረው።»

አማተብኩ።