ፍሬኑን ሁለት ሆነን ስንሠራ

ባለቤቴን ስትሮክ የመታው መኪናውን ሊያጥብ ባልዲ ውሃ ይዞ ከቤት ሲወጣ ነው። ባልዲው ሲወድቅ ሰማሁ፤ እሱ ግን ድምፅ አላሰማም። ሆስፒታል ሰንብተን የካ ሚካኤል አካባቢ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፣ አንደበቱም ተዘግቷል። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል። መመለስ ግን አይችልም።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ዕድሜዋ ከትዳራችን የሚበልጥ። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ሆዷ እየተፋቀ ነው የምትሄደው። ጋራዥ ገብታ አታውቅም። ባለቤቴ መካኒክ አይደለም፣ ግን ከእሱ ሌላ ማንም ብሎኗን እንዲፈታ አይፈቅድም ነበር።

ወራት አለፉ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ምግብ ሳቀርብለት አፉን ይገጥማል። ቤት እየመጣች የምታንቀሳቅሰው ፊዚዮቴራፒስት ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን በር ላይ ስሸኛት፣ "እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም" አለችኝ። "ግን እሳቸው ካልፈለጉ እኔ የምችለው እግራቸውን ማንሳትና ማውረድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አያስነሳቸውም።"

አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ የምናገረው ይጠፋብኝ ጀመር። ከሥራ ስመለስ ሲግናል ከሚባለው ሰፈር ፌርማታ ቆሜ ታክሲ ይመጣል፣ አሳልፈዋለሁ፤ ሌላም ይመጣል፣ አሳልፈዋለሁ። ቤት መግባት እፈራለሁ። በሩን ስከፍት ሞቶ ቢቆየኝስ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ቢኖርስ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ያኔ ራሴን እጠላዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ደላላ በራችንን አንኳኳ። "እህቴ፣ ቆማ ከምትበሰብስ ገዢ አለኝ" አለ። መኪናዋ የለበሰችውን ሸራ ገልጦ እያየ ሳለ ከመኝታ ቤቱ በኩል የታነቀ ሰው የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ባለቤቴ በግራ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ ቆሟል። እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። እንባው በአገጩ ይወርዳል።

ደላላውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁትና ገብቼ፣ "አልሸጣትም። እጠግናታለሁ" አልኩት። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው ያልኩት። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ጎማ እንኳ ቀይሬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኩትና ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ። ባትሪው ሞቶ ነበር፤ ቀየርኩት። የአየር ማጣሪያዋን ስከፍት አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። የሰነበተውን ቤንዚን በቱቦ ቀድቼ አወጣሁ። ስሳሳት ባለቤቴ የያዘውን ኩባያ ከወንበሩ ጋር ያጋጨዋል። እኔም እጄን ሰብስቤ፣ "ይሄ ነው? ይሄኛው ነው?" እላለሁ፤ ትክክለኛውን ስነካ ዝም ይላል።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ መኪናችሁን ለረጅም ጊዜ የምታቆሙ ከሆነ የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትተዉት፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የእኛዋ የኋላ ጎማዎች ከፍሬናቸው ጋር ተጣብቀው በመዶሻ እየመታሁ ነው ያላቀቅኳቸው።

የፍሬን ዘይቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። እሱን ቀይሮ አየሩን ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ተቀምጦ ትንሿን ማስተንፈሻ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጎረቤት ልጠራ ስነሳ ኩባያው ተመታ። ባለቤቴ ወደ መኪናዋ እያየ ነው።

"አንተ ልትረግጥልኝ?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ደግፌ ወሰድኩት። መቀመጫዋ መሬት ሊነካ ምንም ስለማይቀረው አስቀመጥኩት ከማለት ተያይዘን ወደቅን ማለት ይሻላል። ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ።

"እርገጥ" አልኩት ከጎማው ሥር ሆኜ።

ረገጠ።

"ያዝ።" ብሎኗን ስከፍት አረፋ ያለው ዘይት ፊን ብሎ ወጣ። ዘጋሁ። "ልቀቅ።"

ለቀቀ።

ጎማ በጎማ እየዞርን እንዲህ ዋልን። ከታመመ ጀምሮ የጠየቅሁትን ሲያደርግልኝ የመጀመሪያው ነበር። ፔዳሉ ጠንከር ሲል በመስታወቱ አየኝ። ማታ የሰጠሁትን ሾርባ ጨረሰ።

እሑድ ጠዋት አጠገቤ አስቀምጬው ወደ እንጦጦ ወጣን። ፍሬኑን ሰፈር ውስጥ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ይይዛል። ላይ ስንደርስ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሜ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲተነፍስ አየሁና እድን ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እሱ ሳይሆን እኔ።

ስንወርድ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ቁልቁለቱ የባሰበት ቦታ ላይ ፔዳሉ እግሬ ሥር ላላ፤ ደግሜ ስረግጠው እስከ ወለሉ ገባ። ከፊታችን ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች መንገዱን ይዘው ይሮጣሉ። ጥሩምባውን ተጫንኩ። "ፍሬን የለም" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ማርሽ" አለ።

ጥርት ያለ ቃል ነበር፤ የድሮ ድምፁ። ፍሪሲዮን ረግጬ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። ሞተሩ ጮኸ። "ማርሽ" አለ ደግሞ። ወደ አንደኛ ስጎትተው መኪናዋ ወደፊት ደፋ አለች። እሱ በግራ እጁ በመካከላችን ያለውን የእጅ ፍሬን ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ይስባል፤ ባንዴ ቢስበው እንገለበጥ ነበር። ሯጮቹ ዘወር ሲሉ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዞርኩ። አፈሩን ታክከን፣ የፊት መብራቷ ተሰብሮ ቆምን።

ወርጄ ሳይ የፊት ጎማዋ በዘይት ርሷል። ወደ ፍሬኑ ዘይት የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ተተርትሯል። የፍሬን ዘይት የምትቀይሩ ሰዎች ቱቦውንም አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ካለው አትመኑት። እኔን ይህን የነገረኝ ቪዲዮ አልነበረም።

ክሬን ጠርተን እስኪመጣ ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ሌላም ተናገር። ስሜን ጥራኝ" አልኩት።

"ማርሽ" አለኝ።

አልቅሼ ለመንኩት። ከንፈሩ ስሜን ሊሠራ ሲታገል ይታየኛል፤ የሚወጣው ግን ማርሽ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስነግራት ደስ አላት፤ ቀጥላም፣ "አንድ ቃል ከወጣ ሌላም ሊወጣ ይችላል። ላይወጣም ይችላል፤ ቃል አልገባልዎትም" አለችኝ። አሁን ስትመጣ እግሩን አይነፍጋትም። ቱቦውን በየመለዋወጫ ሱቁ ብጠይቅ ለዚች መኪና የሚሆን አላገኘሁም። ሌላ ቃልም አልመጣም።

ትናንት ከሥራ ስገባ እጁን እየዘረጋ፣ "ማርሽ፣ ማርሽ" አለኝ። ውሃ አመጣሁ፤ አይደለም። ዳቦ አመጣሁ፤ አይደለም። ብርድ ልብስ አለበስኩት፣ ገፈፈው። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እሱም እንደ እኔ ተስፋ እየቆረጠ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻ ምን እንደፈለገ ሳላውቅ ከነካፖርቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘ። ቃሉን ግን አላቆመም፤ እኔም እስኪደክመው ድረስ፣ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ተቀምጬ ቆየሁ።