የታንጉት ሁለት ዓይኖች

ባለፈው ጥር ያረፈችው ታንጉት ሪያድ ውስጥ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር፣ በአንድ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ኖራለች። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነው ነበር። ቀኙ ሲገፈፍ የገባላት ሌንስ ተራው ነው፤ ሩቁን አጥርቶ ያሳያል፣ ምስር ለመልቀም ግን መነጽር ያስፈልጋታል። በዓመቱ የግራው ተራ ሲደርስ አሠሪዋ ማዳም ሰሚሃ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል የተባለውን ውድ ሌንስ አስገባችላት። እንግዳ በመጣ ቁጥርም ይህንኑ ታወራ ነበር።

ታንጉት በግራ ዓይኗ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባች። ሲመሽ ግን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ አንዱን ዓይን በመዳፏ እየሸፈነች በሌላው መንገዱን ታያለች። በቀኙ መብራቱ ያው መብራት ነው። በግራው በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ቀለበት በቀለበት ይደረባል፤ መኪና ፊት ለፊት ሲመጣ መንገዱ ይጠፋል። ሐኪሙ ችግር እንዳለ ሲጠይቃት ማዳም አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። በሰጪው ፊት ስጦታውን ማንኳሰስ ከየት ይመጣል?

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም» አለች።

የቤቱ ሾፌር ንጋቱም ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ይዞት ነበር። አንድ ቀን በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብሎ፣ ማዳምም እንድትሰማ በዓረብኛ ጠየቃት።

«እህቴ፣ ሁለቱንም የሞከርሽው አንቺ ነሽ። የትኛው ይሻለኛል?»

ታንጉት ወደ ማዳም አየች። «የግራው። የማዳም ስጦታ ወደር የለውም።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ለንጋቱም እሱ ይሁን» አለች ማዳም።

«እንግዲህ ወጥሽ ውስጥ ፀጉር ባይ አልምርሽም» ብሎ ንጋቱ ሳቀ። ታንጉትም አብራው ሳቀች።

መጀመሪያ ግራ ዓይኑ ታከመ። የንጋቱ ዋና ሥራ ማታ ማታ ማዳምንና ልጆቿን ከሠርግ አዳራሽ መመለስ ነው። አንድ ምሽት የመኪናውን ጎን ከግቢው በር ጋር አፋተገና ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ላንቺ የጠራው ለእኔ ምን ሆነ? መብራቱ ሁሉ ቀለበት አለው። ኃጢአቴ ይሆን?»

ታንጉት የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «ለማዳም ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ? ስጦታሽ አልጣመኝም ልበላት? ቀኙም ሐሙስ ነው፤ ያው ሌንስ።»

ሰሃኑን መልሳ አነሳች። ሐሙስ ግን አብሬ ልሂድ አለች። ንጋቱ ሐኪሙ ፊት እንደተቀመጠ ከኋላው ቆማ፣ ወለሉን እያየች ተናገረች።

«ዋሽቼ ነው። እኔም በግራው ቀለበት አያለሁ። ለማታ የሚሻለው ተራው ሌንስ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ማዳም ዞር ብላ አየቻት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬሽ።»

ሐኪሙ ንጋቱን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። «ማታ ለሚነዳ ሰው ይህን አልመክርም ነበር። የገባውን ማውጣት ደግሞ ለዓይኑ አደጋ አለው። ቀኙን በተራው ሌንስ እናደርገዋለን።»



ንጋቱ አልወቀሳትም። የቀኑን ሥራ ይዞ ቀረ፤ ለማታው ሙራድ የሚባል ሌላ ሾፌር ተቀጠረ። ሲመሽ ሙራድ ቁልፉን ይወስዳል፣ ንጋቱ ወጥ ቤት ገብቶ ይቀመጣል።

«ያላ እህቴ፣ ሻይ አምጪ። እኔ እንደሆንኩ ጡረታ ወጥቻለሁ» ይላል።

ታንጉት ሻዩን የምትቀዳው ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ወደ መስኮቱ ትሄድና ቀኝ ዓይኗን ትሸፍናለች። ቀዩ የኋላ መብራት ቀለበቱን ይዞ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር፣ ንጋቱ የሚያየውን በግራዋ ታያለች።