የብረቱ ድርሻ

የተቃጠለ ቅቤና እንቁላል ሽታ ከየትም ይምጣ፣ ከጎረቤት ወጥ ቤትም ሆነ ከመንገድ ዳር ካፌ፣ ሲደርሰኝ የሚቀሰቀስብኝ ረሃብ አይደለም፤ የአክስቴ የበላይነሽ ድምፅ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር «የመጀመሪያው የብረቱ ነው» ትል ነበር።

አባቴ ሲሞት እናቴ ቁሐር ሚካኤል ላይ ከሩዝ ማሳዋና ከላሞቿ ጋር ቀርታ፣ እኔን ትማርልኝ ብላ ወረታ ከተማ ላለችው የአባቴ እህት ሰጠችኝ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የአክስቴ ባል ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር፣ ቤታቸው ሶፋም፣ የምግብ ጠረጴዛም፣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎላቸው የሄደ፣ ዋፍል የሚሉት የፈረንጅ ቂጣ የሚጋገርበት ብረትም ነበረበት፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚከደን፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው፣ እጀታው የረዘመ ከባድ ብረት።

አክስቴ ለእንግዶቿ «በጣም ቀላል እኮ ነው፣ እሑድ ጠዋት ዘና ብዬ የምሠራው» ትላቸው ነበር። ዘና የምትለውስ እውነትም እሷ ነበረች። እኔ ከሰሉን አያይዤ፣ የእንቁላሉን ነጭ ለይቼ ክንዴ እስኪዝል በሹካ መትቼ፣ አስኳሉን ከወተት፣ ከቀለጠ ቅቤና ከዱቄት ጋር አዋህጄ፣ የፉርኖ ዱቄት ሲጠፋም የሩዝ ዱቄት ጨምሬ፣ አረፋውን በመጨረሻ ቀስ ብዬ እደባልቀው ነበር። ብረቱ ግን የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ይዞ ያስቀረዋል። በቢላ ተፍቆ የሚወጣው ጥቁርና መራራ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት፣ ዳር ዳራቸው የሚንኮሻኮሸው፣ ወደ ጠረጴዛው ይሄዱ ነበር።

በኅዳር፣ ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ፣ እናቴ ለገበያ ስትመጣ እንቁላሉን በሩዝ ገለባ ውስጥ ቀብራ፣ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ታመጣ ነበር። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትቀበላትና «በይ ደህና ዋይ» ትላት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጡት ግን እንቁላሉ «ከገጠር የሚመጣልን» ነበር፤ ማን እንደሚያመጣው ተናግራ አታውቅም። በዐቢይ ጾም ብረቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይሰቀልና እኔም አርፍ ነበር፤ ጾሙን እንደኔ የሚወድ ልጅ በወረታ አልነበረም።

የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ አንድ እሑድ ወደ ቤት ገብታ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣ፣ በእንቁላሏ የሠራሁትን ደህናውን እንድትበላ።

ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ይውጠው ነበር። አንድ ዓመት መንገዱ ተቆርጦ እናቴ ብትቀር፣ አክስቴ ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ «እናትሽ ጭራሽ ረሳችን» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ጾሙ ከተፈታ በኋላ በመጣው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ እንግዶቹ ሳሎን እንደተቀመጡ፣ እናቴ እስከ ወገቧ ርሳ፣ እንቁላሉን በቅርጫት አድርጋ ራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። አንድም አልተሰበረም። አክስቴ ቅርጫቱን ተቀብላ ለእኔ አቀበለችኝና፣ ምንጣፉ እንዳይረጥብ ብላ እናቴን ወጥ ቤት አስቀመጠቻት።

የመጀመሪያው እንደ ልማዱ ተቃጠለ፤ ፍቄ አውጥቼ ወደ ጎን ገፋሁት። ሁለተኛውን ለእናቴ ብዬ ክዳኑን ሳልከፍት አክስቴ ገባች፤ ጥቁሩን በሳህን አድርጋ ለእናቴ ሰጠቻት።

«ቅመሺ እስቲ፤ የፈረንጅ ምግብ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው። አክስቴ ደህናውን ይዛ ሳሎን ስትገባ እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣

«ይመራል፣ አይደል? ሁልጊዜ ይሄን ነው እሚበሉት? ሲያሳዝኑ» አለችኝ።

ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን ያንን ውኃ ተመልሳ የምትሻገር ሴት ይህን ይዛ እንድትሄድ አልፈለግሁም።

በመስከረም ውኃው ሸሽቶ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሲሆን፣ አንዲት የመንደራችን ሴት ከእናቴ ተልካ ከእንቁላሉ ሌላ በቅል ማር ይዛ መጣች፤ ማሩን የእናቴ ወንድም ከአንበሳሜ ያመጣላት ነበር። ሴትዮዋ ለአክስቴ «ምግባችሁ ስለሚመር ይሄን ቀብታችሁ ብሉት ብላችኋለች» አለቻት። አክስቴ ነገሩን ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀልድ አወራችው፤ እንግዶቿም ማሩን ደህና ደህናዎቹ ላይ አፍስሰው፣ ጣታቸውን እየላሱ ሳቁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ በየመስከረሙ ማር ትልክላቸው ነበር። እውነቱን የነገራት የለም።

ዛሬ አክስቴ አርጅታ፣ ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿም ርቀው፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ትመጣለች። የእኔ የዋፍል ማሽን የኤሌክትሪክ ነው፤ አይዝም፣ አያቃጥልም፣ የመጀመሪያውም እንደ መጨረሻው አምሮ ይወጣል። ይህ ያበሽቀኛል። ባለፈው እሑድ ቆርሳ ቀመሰችና፣

«እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማር ትልክልን ነበር። ማር የለሽም?» አለችኝ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ ማሰሮ አለኝ።

«የለኝም፣ እትየ» አልኳት። «እንዲሁ ይብሉት።»

ያኔ ውኃ ተሻግሮ የሚያዝንላት ሰው ነበራት። አሁን ያለሁላት እኔ ነኝ።